ሊቀመንበሩ ሲሄድ ደብተሩ ማን ዘንድ ይቀራል?

በካምፕ ኑሮ ውስጥ መሪ መሄዱ አይቀርም። አንዱ የሦስተኛ አገር ጉዳዩ አልቆለት በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ሌላ ካምፕ ይዛወራል፤ ሌላው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሌላው ደግሞ ሰልችቶት እዚሁ ቁጭ ብሎ ሥራውን ይተወዋል። ሲሄድም የኮሚቴው ደብተር፣ የየቢሮው ሰው ስልክ ቁጥር፣ የትኛው ጉዳይ በማን በኩል እንደሚያልቅ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሌላ ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቧንቧው ሲበላሽ ለማን አቤት እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

ውድ አንባቢያን፤ የመሪነት ችሎታን ስለማዳበር ብዙ ተብሏል፤ ብዙ ስልጠናም ተሰጥቷል። በየብሎኩ ቢፈለግ ሰርቲፊኬት በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አይጠፋም። ሁለት ቀን ስልጠና፣ አንድ ሶዳ፣ አንድ ፓኬት ብስኩት፣ በመጨረሻም ፎቶግራፍ። ስልጠናውን ለማናናቅ አይደለም፤ ጥሩ ነገር የያዘ ስልጠናም አለ። ነገር ግን መሪነት እንደ ክትባት አንድ ቀን ተወግተውት የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሥራ ላይ፣ በትንንሽ ኃላፊነት፣ እየተሳሳቱና እየታረሙ የሚለመድ ሙያ ነው። ደግሞም በእኛ ሁኔታ የሚለካው ሰውየው በሥልጣን ላይ ሳለ ባደረገው ብቻ አይደለም፤ ከሄደ በኋላ በቀረውም ነው።

እንግሊዝኛ የሚችለው ሰው

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በካምፕ ውስጥ መሪ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በምንድን ነው? እንግሊዝኛ በመቻሉ ነው። የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር ሰዎች ሲመጡ ቆሞ የሚያናግራቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ፎርም የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ያስፈልጋልም በእርግጥ። ችግሩ ያለው መሪውና አስተርጓሚው አንድ ሰው ሲሆኑ ነው። እዚህ እኛ "ውኃ የሚለቀቅበት ሰዓት ይስተካከልልን" ስንል እዚያ ምን ተብሎ እንደተተረጎመ የሚያውቅ የለም። ከዚያ "በጀት የለም" ተብሎ ሲመለስልንም የተባለው ያ ይሁን አይሁን የሚያጣራ የለም። ሰውየው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹም ሐቀኞች ናቸው። ግን ሐቀኝነቱን እንኳ የሚመሰክርለት ሁለተኛ ሰው ስለሌለ በትንሽ ወሬ ስሙ ይጠፋል። "ስም ዝርዝር ሸጠ"፣ "ከእነሱ ጋር ይበላል" የሚባለው ሐሜት የሚበዛው አንድ ሰው ብቻውን ቢሮ ገብቶ ብቻውን በሚወጣበት ቦታ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወደ ስብሰባ ሁለት ሰው ይሂድ። አንዱ ይናገር፣ ሌላው ይጻፍ። ከተቻለ የሚጽፈው ወጣት ይሁን፤ ቋንቋው ገና ቢሆንም በመስማት ይማራል። የዚያኑ ዕለት ማታ ከዛፍ ሥር ወይም ከሻይ ቤት ደጃፍ የተባለው ሁሉ ለሕዝቡ ይነበብ። በሦስትና በአራት ስብሰባ ውስጥ ያ የሚጽፈው ልጅ ከቢሮ ሠራተኞቹ ጋር ይተዋወቃል፣ የትኛው ጥያቄ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል። ሊቀመንበሩ ነገ ቢሄድ የሚተካው ሰው አለ ማለት ነው።

እግረ መንገዳችንን ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ኬንያ ውስጥ ላለነው እንግሊዝኛ ብቻ አይበቃም። የአካባቢው አስተዳደር ሹም፣ የፖሊስ ጣቢያው ሰው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ የሚናገረው ስዋሂሊ ነው። እንጨትና ከሰል ይዛ የምትመጣው የቱርካና ሴት ደግሞ የራሷ ቋንቋ አላት። ከጎረቤት ሕዝብ ጋር ጠብ ሲነሣ እሳቱን የሚያበርደው ብዙ ጊዜ ጥሩ እንግሊዝኛ ያለው ሰው ሳይሆን በገበያ የተለቃቀመች ጥቂት የቱርካና ቃል የሚያውቀው ነው።

ዕድር ያስተማረን

መሪነትን ከፈረንጅ መጽሐፍ ብቻ የምንማረው የሚመስለን አለን። ይሁንና አብዛኛው ሰው አገር ቤት ሳለ የዕድር አባል ነበር። ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ አለው፣ ለቅሶ ሲደርስ ጥሩምባ የሚነፋ አለው። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፣ ያዋጣ ይመዘገባል። ፊደል የማይቆጥሩ ሰዎች ሳይቀሩ የብዙ ሰው መዋጮ ለዓመታት ሳይጎድል አስተዳድረዋል። በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዕድር አቋቁመው አስከሬን ወደ አገር ቤት ይልካሉ። በካምፕም ቢሆን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮና ቡና የሚያቀርበው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው በዚሁ ልማድ ነው።

ከዕድር መማር ያለብን የሥራ ክፍፍሉን ነው። ዳኛው ቢታመም ዕድሩ አይፈርስም። ገንዘቡ ዳኛው ኪስ አይገባም፤ ደብተሩም ከዳኛው ቤት አያድርም፣ ጸሐፊው ጋ ነው። አንድ ወጣት መጀመሪያ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል፤ ቀጥሎ መዋጮ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ቆይቶ ጸሐፊ፤ ፀጉሩ ሲሸብት ዳኛ ይሆናል። ሰው በአንድ ቀን ሊቀመንበር አይሆንም። በካምፕ ኮሚቴዎቻችን ግን ይህን ሁሉ ረስተን ማኅተሙንም፣ ደብተሩንም፣ ስልክ ቁጥሩንም ለአንድ ሰው እንሰጣለን። ከዚያ ሰውየው ሲሄድ እናለቅሳለን።

የኪያንግዋሊ ልጆች

ከእኛው መሰል ስደተኞች አንድ ምሳሌ እናንሣ። ኪያንግዋሊ በምዕራብ ኡጋንዳ የሚገኝ የስደተኞች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዚያ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ከኮንጎ የመጡ ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን ኮቡርዋስ አሉት፤ ከኮንጎ፣ ከቡሩንዲ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሩዋንዳና ከሱዳን ስም የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ለቅመው ነው። በዚያ ዘመን እነዚህ ሕዝቦች እርስ በርስ በጥርጣሬ ይተያዩ እንደነበር ለሚያውቅ ስሙ ራሱ ትልቅ ውሳኔ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆሴፍ ሙንያምባንዛ ከኮንጎ ሲሸሽ 6 ዓመቱ ነበር፤ ማኅበሩ ሲቋቋም 14 ዓመቱ። በእኛ ሰፈር የ14 ዓመት ልጅ ስብሰባ ላይ አፉን ቢከፍት "አንተ ደግሞ ማን ጠራህ" ነበር የሚባለው።

ልጆቹ ገንዘብ አልነበራቸውም። የሠሩት ምን ነበር? በእጃቸው ያለውን ነበር የተጠቀሙት። እርሻ ላይ ሠርተው ባገኙት የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ጀመሩ፤ ከፍ ያለ ክፍል የደረሰው ዝቅ ያለውን ያስጠናል። ከዚያ ለሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሆይማ ከተማ መሄድ ግድ ሲሆን ደግሞ በከተማው አብረው የሚያድሩበት ቤት አዘጋጁ። ለሴት ልጆች ይህ ቤት ትልቅ ነገር ነበር፤ ብቻዋን ከተማ ልትልካት የማትደፍር እናት ከጓደኞቿ ጋር ከሆነች ትፈቅዳለችና።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ጥቂቶቹ የትምህርት ዕድል አግኝተው ሄዱ፤ ሙንያምባንዛም መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያ አሜሪካ ተማረ። በብዙ ቦታ ማኅበሩ የሚሞተው በዚህ ሰዓት ነው። የእነርሱ ግን ቀጠለ። ምክንያቱ ሲታይ ከሥር ጀምሮ ታላቁ ታናሹን የሚያስጠና፣ የተረዳው ሌላውን የሚረዳ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ተተኪው አስቀድሞ ሥራው ውስጥ ነበር። የሄዱትም ቢሆኑ እጃቸውን ጨርሰው አላነሡም።

ድልድዩ ይቅደም

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገር ቤት ነው። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬን በስም የማያውቅ ጥቂት ነው። በከምባታ፣ ዛቶ በምትባል መንደር ተወልደው፣ ውኃ ልቀዳ ብለው ከቤት እየወጡ በድብቅ ፊደል የቆጠሩ ሴት ናቸው። በእየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ተምረዋል። በ1997 ወደ አገራቸው ተመልሰው ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ኬ.ኤም.ጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ትርጉሙ የከምባታ ሴቶች በኅብረት መቆም እንደ ማለት ነው።

ዶ/ር ቦጋለች የመጡት የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ለማስቆም፣ ስለ ኤች.አይ.ቪም ለማስተማር ነበር። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ነበር በአፉ ያለው፤ ድልድይ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ወደ ገበያ መሻገሪያ አጥተው ነበር። አንድ ሌላ ሰው ቢሆን "እኔ ለድልድይ አልመጣሁም፣ ፕሮጀክቴ ሌላ ነው" ብሎ ያልፍ ነበር። እርሳቸው ድልድዩ እንዲሠራ ረዱ። ሕዝቡ ጆሮውን የሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያም ቢሆን ሰብስቦ መስበክ አልነበረም የተያዘው መንገድ። በየቀበሌው ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል የሚቀመጥበት ውይይት ተጀመረ። ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም የሚለው ፍርሃት ተነሣ፤ በነገሩ ላይ ደጋግመው ተመካከሩበት። በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ጽሑፍ ያልተገረዘች መሆኗን አስታወቀች፤ ሙሽራውም በእርሷ መደሰቱን እንዲሁ በጽሑፍ ገለጸ። ብዙ ሕዝብ ተገኝቶ አየ። ከዚያ በኋላ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ተሰባስበው እርስ በርስ መደጋገፍ ጀመሩ፤ ዕድሮችም ልማዱን የሚከለክል ውሳኔ አሳለፉ። ልማዱ በአካባቢው በእጅጉ መቀነሱን ዩኒሴፍም መስክሯል። ዶ/ር ቦጋለች ለዚህ ሥራቸው የ2012-2013 የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማት ከቤልጂየም ተቀብለዋል። በኅዳር 2019 አርፈዋል።

ይህ ታሪክ ለካምፕ ኮሚቴ ምን ይላል? አንድ አዲስ የተመረጠ መሪ የራሱን እቅድ ይዞ ከመሮጡ በፊት ሰዉ አፉ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ቤት ለቤት ዞሮ ይስማ። ምናልባት እርሱ የወጣቶች ማዕከል እንዲሠራ ያስብ ይሆናል፤ ሴቶቹ ግን የሽንት ቤት በር መቆለፊያ የለውም ሊሉ ይችላሉ። መጀመሪያ መቆለፊያው! አንድ መቆለፊያ ያስገጠመ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ሰው ይመጣለታል።

ሴቶቹ የት አሉ?

በብዙ ካምፖች የብሎክ አመራር ሲመረጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ይደረጋል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ስብሰባው የሚጠራው ውኃ በሚቀዳበት ወይም ራሽን በሚታደልበት ሰዓት ነው። ሴትየዋ ጀሪካኗን ሰልፍ ላይ ትታ ትምጣ? እንጀራውን ከምጣዱ ላይ ትታ ትምጣ? ስትቀር ደግሞ "ሴቶች ፍላጎት የላቸውም" ይባላል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሰዓት ጉዳይ ነው እንጂ የፍላጎት ጉዳይ አይደለም። በዚህ ካምፕ ዕቁብ የሚሰበስቡት፣ ሰው ሲታመም አዋጥተው ሆስፒታል የሚያደርሱት፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ በስም የሚያውቁት እነማን ናቸው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እነዚህ እህቶችና እናቶች ሥራውን እየሠሩት ነው፤ የቀራቸው ወንበሩ ነው። በዕቁብ ዳኛነት ብር አጉድላ የማታውቅ ሴት የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ትሁን ሲባል ማመንታት ምን ይባላል?

በራስ ላይ የሚሠራ ሥራ

ስለ ግል ዕድገት አጭር ነገር እንበል። አንድ ወጣት "እኔ መሪ መሆን እፈልጋለሁ" ቢል ከየት ይጀምር? ቃለ ጉባኤ መጻፍ ይማር፤ ቀን፣ የተገኙ ሰዎች፣ የተነሣው ነጥብ፣ የተወሰነው፣ ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽመው። ይህችን አምስት ነገር አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው በየትኛውም አገር ሥራ አያጣም። ቀጥሎ ሰው ሲቆጣ ሳያቋርጡ መስማት ይለማመድ፤ በራሽን ሰልፍ ላይ ጠብ ሲነሣ በጩኸት ላይ ጩኸት የሚጨምር ሳይሆን ሁለቱንም ለየብቻ ወስዶ የሚያናግር። ደግሞ "አላውቅም፣ ጠይቄ ነገ እነግራችኋለሁ" ማለትን አይፈር፤ ዋናው በማግስቱ መምጣቱ ላይ ነው። ካምፕ ውስጥ ሰውን የሚያስቆጣው የእምቢታ መልስ ሳይሆን መልስ ማጣት ነው።

ከዘር ከጎሣ መራቅም አለ። ይህን ብዙ ማብራራት አያሻም፤ አገራችን ምን እንዳደረገን የምናውቅ ሰዎች ነን። የአንድ ወገን ሰው ብቻ የሚስቅበት ሻይ ቤት ውስጥ የሚውል መሪ የሁሉም መሪ ነኝ ቢል የሚያምነው የለም።

ጊዜው ለምን አሁን ሆነ?

ይህን ጉዳይ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን በማቋረጧ በረራ የተያዘላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቀርተዋል። በዚያው ዓመት የእርዳታ ገንዘብ በመቀነሱ ራሽን ተቆረጠ፤ በነሐሴ 2025 በካኩማ ቤተሰቦች በ4 ምድብ ተከፍለው እርዳታው በየምድቡ እንዲሰጥ ተደረገ። ተቃውሞም ተነሥቶ ነበር። በሌላ በኩል የኬንያ መንግሥት በመጋቢት 2025 የሺሪካ እቅድ የተባለውን ይፋ አድርጓል፤ የእቅዱ ዓላማ ካኩማንና ዳዳብን ከካምፕነት አውጥቶ ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብሮ አገልግሎት የሚያገኝበት ሰፈር ማድረግ ነው።

እነዚህ ሁሉ ነገሮች በአንድ ላይ ሲመጡ የሚጠየቀው የመሪ ዓይነት ይለያል። ድሮ መሪ ማለት ቢሮ ሄዶ "ጨምሩልን" የሚል ነበር። አሁን ግን ያለ አግባብ ወደማይረዳ ምድብ የገባች ብቸኛ አሮጊት ካለች ሁኔታዋን በማስረጃ አስደግፎ ይግባኝ የሚያቀርብላት ሰው ያስፈልጋል። ከካውንቲው ሹማምንት ጋር ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ቦታ፣ ስለ ትምህርት ቤት ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች በካኩማ ገበያ ያላቸውን ድርሻ ማንም አይክደውም፤ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ባወጣው ጥናት የካኩማን ገበያ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይህን የሚያህል ገበያ ስለ ግብርና ስለ ፈቃድ በሚነገርበት ጠረጴዛ ላይ አንድም ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ከሌለው ነጋዴው ውሳኔውን የሚሰማው በሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ነው።

አንዳንዱ "እኛ እንግዶች ነን፣ ዛሬ ነገ እንሄዳለን፣ ምን አደከመን" ይላል። ይህን እያልን ብዙዎቻችን ልጅ ወልደን አሳድገናል፤ ካኩማ የተከፈተው በ1992 ነው። በዚያን ዓመት የተወለደ ሰው ዛሬ የራሱን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል።

ስለ ርክክብ

በመጨረሻ ለየኮሚቴው የሚሆን አንድ የሥራ ሐሳብ እናቅርብ፤ ወጪ የለውም። እያንዳንዱ ኮሚቴ ገና ሥራ ሲጀምር የርክክብ ገጽ ይክፈት። ሊቀመንበሩ ሊሄድ ሻንጣ ሲያስር ሳይሆን በተመረጠ በመጀመሪያው ሳምንት። በዚያ ገጽ ላይ በእጅ ያለው ገንዘብና ንብረት ይጻፍ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሳይቀር በቁጥር። ለየትኛው ቢሮ ምን ደብዳቤ መቼ እንደገባና ምን መልስ እንደተሰጠ ይጻፍ። የቧንቧው፣ የክሊኒኩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የጸጥታው ኃላፊ የሚገኝበት ስልክና ቀን ይጻፍ። ያልተፈታ ጠብ ካለ እነማን እንደሸመገሉትና የት እንደደረሰ ይጻፍ፤ ይህ ሲረሳ ነው አዲስ ሽማግሌ ነገሩን ከሥር ጀምሮ ሲቆፍረው የዳነው ቁስል የሚያመረቅዘው።

ገጹ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ከጸሐፊው ዘንድ፣ ሌላው ከሊቀመንበሩ ቤት ውጪ በሌላ በታመነ ሰው ቤት ይቀመጥ፤ ጎርፍም እሳትም አለ። ጸሐፊው በየሦስት ወሩ በሕዝብ ፊት ያንብበው፤ የጎደለ ካለ እዚያው ይጠየቅ። ምክትል የሚባለውም ስም ብቻ ይዞ እንዳይቀመጥ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ስብሰባውን እርሱ ወይም እርሷ ይምራ፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ ተቀምጦ ይስማ። የሚያነበንቡ የቆዩ ሊቀመናብርት ይኖራሉ፤ "ሥልጣኔን ሊቀሙኝ ነው" የሚሉ። እነርሱን ማክበርም፣ ደብተሩን መቀበልም ይቻላል። ያለፉትን ዓመታት የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ አንድ የጻፈ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ያለፈውን ይንገሩትና ይጻፍ።